ቀላል ጥፋት፣ ከባድ ጥፋት፦ የትኛውን የት እንመዝግብ?

በአንድ ወቅት በሠራሁበት ድርጅት፣ ሊሰናበት የታሰበ የመጋዘን ሠራተኛ ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ወፍራም ስለነበር ነገሩ ያለቀለት መስሎኝ ነበር። ስከፍተው 11 ወረቀት አለበት። ዘጠኙ ስለ ማርፈድ ነው። አንዱ የደንብ ልብስ ሳይለብስ ስለመገኘቱ ይናገራል። የመጨረሻው «ከመጋዘን ዕቃ አውጥቷል» የሚል ግማሽ ገጽ ነው። ስንብቱ የተጠየቀው በዚህ በመጨረሻው ነው። ምን ዕቃ? ስንት? ማን አየ? ሰውየውስ ሲጠየቅ ምን አለ? አንዱም አልተጻፈም። ያረፈደባት ደቂቃ ሳትቀር የተቆጠረችበት ሰው፣ እንጀራውን የሚያሳጣው ጉዳይ ላይ ሲደረስ በአምስት መስመር ታልፏል።

እንዲህ ያለ ፋይል ከዚያ ወዲህም ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል። አለቆች አይመዘግቡም ብሎ መውቀስ አይቻልም፤ ይመዘግባሉ። የሚሳሳቱት ለሁሉም ጥፋት አንድ ዓይነት ወረቀት ስለሚጠቀሙ ነው። የቀላል ጥፋት መዝገብ የሚያዘው ሰውየው እንዲታረም ነው፤ ስለዚህ ማጠር አለበት፣ ጊዜውን ጠብቆም መሻር አለበት። የከባድ ጥፋት መዝገብ የሚያዘው ነገሩን በዓይኑ ያላየ ሰው አንብቦ እንዲወስንበት ነው፤ ስለዚህ ምንም ሊጎድለው አይገባም። ከዚህ በታች በሥራ ላይ ያሉትን የአመዘጋገብ ዘዴዎች የማወዳድረው በዚህ ዓይን ነው።

## በምን እንለካቸው?

ዘዴ ከመምረጥ በፊት መለኪያው ላይ እንስማማ። እኔ የማያቸው ስድስት ናቸው።

ትኩስነት። ድርጊቱ በተፈጸመበት ቀን፣ ቢዘገይ በማግስቱ መጻፍ ይቻላል? ከሦስት ሳምንት በኋላ በትዝታ የተጻፈ ሪፖርት ቀኑን ይስታል፣ ሰዓቱን ይስታል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጸሐፊው በመሀል የሰማውን ወሬ ካየው ነገር ጋር ይቀላቅላል።

ፍሬ ነገር። ዘዴው ጸሐፊውን ያየውን እንዲጽፍ ይገፋዋል ወይስ የተሰማውን? «ግድየለሽ ነው» የሚል ቃል መዝገብ አይባልም፤ ሐሜት ነው።

ሠራተኛው ማወቁ። በስሙ የተጻፈውን አይቶታል? መልስ የሚጽፍበት ቦታስ አለው?

ማን ያየዋል። ቁልፉ በማን እጅ ነው? የማርፈድ መዝገብና የትንኮሳ አቤቱታ አንድ መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጡ፣ ማርፈዱን ሊያይ የመጣ ሰው ሁሉንም አይቶ ይሄዳል።

ዕድሜ። መቼ ይሻራል? ሲሻርስ በእርግጥ ከፋይሉ ይወጣል?

ክርክር መቻል። ነገሩ ከድርጅቱ ውጭ፣ ገላጋይ ወይም ዳኛ ፊት ቢቀርብ ወረቀቱ ራሱን ችሎ ይናገራል? ወይስ አጠገቡ ቆሞ የሚያስረዳለት ሰው ይፈልጋል?

በመመሪያ ላይ የማይጻፍ ሰባተኛም አለ፤ ድካሙ ነው። ለአንድ ማርፈድ አራት ገጽ ፎርም የሚያስሞላ ሥርዓት አይሞላም። አለቃው ሁለቴ ሞልቶ በሦስተኛው ይተወዋል። ከዚያ በኋላ ማን ተመዘገበበት፣ ማን ታለፈ የሚለው በአለቃው ስሜት የሚወሰን ይሆናል፤ የአድልዎ ክስ ብዙውን ጊዜ የሚነሳውም ከዚህ ነው።

መስፈርቶቹን ከራሴ ብቻ አላመጣኋቸውም። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 158፣ ሠራተኛ ከጠባዩ ወይም ከሥራ አፈጻጸሙ ጋር በተያያዘ ምክንያት ከመሰናበቱ በፊት ለተባለበት ነገር መልስ የመስጠት ዕድል እንዲያገኝ ይጠይቃል። አብሮት የወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 166 ሁለት ነገር ይጨምራል። አንደኛ፣ ሲደጋገም ካልሆነ በቀር ለስንብት የማያበቃ ጥፋት ሲሆን፣ አሠሪው አስቀድሞ በጽሑፍ ሳያስጠነቅቅ ማሰናበት የለበትም። ሁለተኛ፣ ጥፋቱን አውቆ በተገቢው ጊዜ ውስጥ እርምጃ ያልወሰደ አሠሪ፣ በዚያ ጥፋት የማሰናበት መብቱን እንደተወ ይቆጠራል። ብዙ አገሮች «ተገቢው ጊዜ» የሚለውን በቀን ቆጥረው በሕጋቸው አስቀምጠዋል። የአገራችሁን ሕግ ከፍታችሁ ቁጥሩን እወቁት፤ በግልጽ የተረጋገጠ ስርቆት እንኳ ቀኑ ስላለፈ ብቻ ሲወድቅ አይቻለሁ።

## ቀላሉና ከባዱ የሚለዩት የት ላይ ነው?

ጥያቄው አንድ ነው፦ ይህ ድርጊት አንድ ጊዜ ብቻ ቢፈጸም ሰውየውን ሊያሰናብት ይችላል? «አዎ» ከሆነ ከባድ ነው። ስርቆት፣ ድብድብ፣ ሰነድ ማጭበርበር፣ ጾታዊ ትንኮሳ፣ ሰክሮ ማሽን ላይ መቆም፣ የማሽን መከላከያ ሽፋን ሆን ብሎ ማንሳት እዚህ ይመደባሉ። ማርፈድ፣ ከዕረፍት ዘግይቶ መመለስ፣ የደንብ ልብስ፣ ሪፖርት በሰዓቱ አለማስገባት፣ ይህ ሁሉ ቀላል ነው።

ያው ድርጊት ግን እንደ ሥራው ይለያያል። ዴስክ ላይ ተቀምጦ ስልክ መነካካት ምክር ይበቃዋል። ፎርክሊፍት እየነዱ ስልክ መነካካት ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ የጥፋት ዝርዝራችሁን ከሌላ ድርጅት ደንብ ላይ ገልብጣችሁ አታምጡ።

ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ስህተት ጥፋት አይደለም። ሥራውን በአግባቡ ያልተማረ ሰው ቁጥር አዛብቶ ቢያስገባ መፍትሔው ሥልጠና ነው፤ የሚመዘገበውም በሥልጠናና በአፈጻጸም ፋይል ነው። ሁለተኛው፣ ቀላልና ከባድ መሆኑ ካጠራጠራችሁ እንደ ከባድ ጀምሩት። ይህን የምለው ቅጣቱ ይክበድ ለማለት አይደለም፤ ማስረጃው እንዳያመልጥ ነው። ከባድ ተብሎ የተጀመረ ጉዳይ ተጣርቶ በምክር ሊዘጋ ይችላል፤ ቀላል ነው ተብሎ የታለፈን ጉዳይ ግን ከወር በኋላ ከባድ አድርጎ ማንሳት አይቻልም። ምስክሩ ረስቷል፣ የካሜራው ቅጂም በላዩ ላይ ሌላ ተቀርጾበታል።

## የአለቃው ደብተር

ከሁሉም የቀለለው ይህ ነው። የፈረቃ ኃላፊው ደብተር ይይዛል፣ ያየውን በቀኑ ይጽፋል። በትኩስነት የሚወዳደረው የለም፤ ድካሙም ሁለት መስመር ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባል የለ።

ጉዳቱ ሠራተኛው አለማወቁ ነው። ኃላፊው በዓመቱ መጨረሻ ደብተሩን ገልጦ «በዚህ ቀን እንዲህ አድርገሃል፣ በዚያ ቀን እንዲያ» ማለት ሲጀምር፣ የሚሰማው ሰው ጥርስ ሲነከስበት እንደከረመ ነው የሚቆጥረው። አይፈረድበትም። ሌላም ነገር አለ፤ ኃላፊው ሲዛወር ደብተሩን ይዞት ይሄዳል፣ ወይም የሰው ስም የሞላበትን ደብተር መሳቢያ ውስጥ ጥሎት ይሄዳል። የትኛው እንደሚብስ አላውቅም።

ስለዚህ ደብተሩን ለትውስታ ብቻ ተጠቀሙበት። እኔ የምከተለው ደንብ ይህ ነው፦ ደብተር ላይ ያለ ነገር በአንድ ሳምንት ውስጥ ለሠራተኛው ካልተነገረው፣ በኋላ አይነሳበትም። ለከባድ ጥፋት ደብተሩ የሚያገለግለው ኃላፊው «ያየሁት በዚህ ሰዓት ነው» ሲል እንደ ደጋፊ ብቻ ነው።

## የተፈረመ የምክር ማስታወሻ

ብዙ ቦታ «የቃል ማስጠንቀቂያ» የሚባለው ነው። ስሙ ግራ ያጋባል፤ ማስጠንቀቂያው በቃል ይሰጣል፣ መሰጠቱ ግን በጽሑፍ ይያዛል። ግማሽ ገጽ ይበቃዋል። ለቀላል ጥፋት ከሁሉም የምመርጠው ይህን ነው፤ ምክንያቱ ከሁለት ናሙና ይታያል። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦

«ሠራተኛው በተደጋጋሚ የሚያረፍድ፣ ለሥራው ግድ የሌለው፣ ሲነገረውም የማይሰማ ነው።»

ሁለተኛው፦

«ማክሰኞ ፈረቃው 2፡00 ይጀምራል፤ 2፡35 ገባ። አልደወለም። ሲጠየቅ ‹ልጄን ሐኪም ቤት አድርሼ ነው› አለ። የሚያረፍድ ከሆነ ከ1፡30 በፊት ለፈረቃ ኃላፊው እንዲደውል ተነጋገርን። በ4 ሳምንት ውስጥ እንደገና እንገናኛለን።»

የመጀመሪያው ስለ ሰውየው ነው የሚያወራው፤ ክርክር ይጋብዛል፣ ልብም ያቆስላል። ሁለተኛው ስለ ማክሰኞ ነው የሚያወራው። ሊስተባበል የሚችል ነገር የለውም። የሰውየው ምክንያት አብሮ ገብቷል፣ ቀጥሎ ምን እንደሚጠበቅበትም ያውቃል። ለመጻፍ የሚወስዱት ጊዜም እኩል ነው።

ፊርማው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ጥፋቴን አምኛለሁ» የሚል መስመር አታስገቡ። «ደርሶኛል፣ አንብቤዋለሁ» ይበቃል። ከሥሩም የሠራተኛው መልስ የሚጻፍበት ባዶ ቦታ ይኑር። አልፈርምም ካለ ግብግብ አያስፈልግም። «እንዲፈርም ተጠይቆ ፈቃደኛ አልሆነም» ተብሎ ሁለት ሰው ይፈርምበታል፣ ቅጂው ይሰጠዋል፣ በቃ።

ዕድሜው አጭር ይሁን፤ ከሦስት እስከ 6 ወር። ጊዜው ሲያልቅ ከፋይሉ ይውጣ። ስንት ጊዜ ነው «ተሽሯል» የተባለ ማስታወሻ ፋይሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ለዕድገት የሚወዳደረውን ሰው ከዓመታት በኋላ ሲጥለው ያየሁት።

## የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ

ቀላሉ ጥፋት ከምክሩ በኋላ ሲደጋገም ደረጃው ወደ ደብዳቤ ይወጣል፤ መጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ። በብዙ ድርጅቶች የመጀመሪያው ለ6 ወር፣ የመጨረሻው ለ12 ወር ይጸናል። ከላይ የጠቀስኩት ምክረ ሐሳብ ቁጥር 166 «በጽሑፍ» ያለው እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ያለ ደብዳቤ በድግግሞሽ ማሰናበት ማለት ያለ ደረጃ ፎቅ ለመውጣት እንደመሞከር ነው።

ደብዳቤው አራት ነገር ካልያዘ አይረባም፦ ምን እንደተደረገ በቀንና በሰዓት፣ የተጣሰው የደንብ አንቀጽ፣ ከዚህ በፊት የተሰጠው ምክር ቀን፣ እና ከተደጋገመ ምን እንደሚከተል። ብዙ ደብዳቤዎች የሚወድቁት የመጨረሻውን «ተገቢው እርምጃ ይወሰዳል» በሚል ጭጋግ ስለሚሸፍኑት ነው። የትኛው እርምጃ? ስንብት ከሆነ ስንብት በሉ።

ሌላው የማየው ችግር ያልተያያዙ ነገሮችን መደራረብ ነው። ለማርፈድ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ላይ የደንብ ልብስ ጨምሮ፣ በዚያ ላይ ሪፖርት መዘግየት ጨምሮ «ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ» ማለት። ደንባችሁ ይህን በግልጽ ካልፈቀደ እያንዳንዱ ዓይነት በራሱ መስመር ይቆጠር።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ብዙዎች የማያውቁት መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ አንዳንድ ፋብሪካዎች «ቅጣት የሌለው ዲሲፕሊን» የሚባል ሥርዓት ተክለዋል። ከመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ይልቅ ሠራተኛው ደመወዙ ሳይቆረጥ አንድ ቀን ቤቱ ሄዶ እንዲያስብ ይደረጋል፤ «ደንቡን አክብሬ እቀጥላለሁ» ወይም «አልቀጥልም» ብሎ ይመለሳል። መዝገቡም የእሱ ውሳኔ የተጻፈበት ይሆናል። በደመወዝ ላይ መቀለድ የሚመስላቸው አለቆች አሉ፤ እኔ ግን በእልህ ለሚያረፍድ ሰው ከደመወዝ ቅጣት የተሻለ ሲሠራ አይቼዋለሁ። በቅጣት የተቆረጠ ደመወዝ ቂም ነው የሚያተርፈው።

## ነጥብ መቁጠር

ማርፈድ ግማሽ ነጥብ፣ መቅረት አንድ፣ ሳይናገሩ መቅረት ሁለት። ነጥቡ ሲጠራቀም ምክር፣ ሲበዛ ደብዳቤ፣ ሲሞላ ስንብት። ፈረቃ ያለባቸው ትልልቅ መጋዘኖችና የጥሪ ማዕከላት ይወዱታል። አድልዎን ይቀንሳል፤ የአለቃው ዘመድም ሆነ ባዳ ሲያረፍድ ግማሽ ነጥብ ነው። ከሰዓት መቆጣጠሪያው ማሽን ጋር ከተገናኘ የሚጽፍ ሰው እንኳ አያስፈልግም።

ግን ጆሮ የለውም። የታመመውንና ያመለጠውን አይለይም፤ ስለዚህ ሕግ የሚጠብቃቸው ፈቃዶች (ሕመም፣ ወሊድ፣ ሐዘን) ከቆጠራው ውጭ መሆናቸውን አስቀድሞ ማስተካከል ግድ ነው። ሠራተኞችም ሒሳቡን ይለምዱታል። «አንድ ተኩል ቀርቶኛል፣ ዓርብን ልቀር» ሲባባሉ የሰማሁበት ቦታ አለ። ከመቅረትና ከማርፈድ ውጭ ላለ ነገር አትጠቀሙበት። ለስድብ ሦስት ነጥብ፣ ለስርቆት አሥር ነጥብ የሚል ሰንጠረዥ አይቻለሁ። ስርቆት በነጥብ አይቆጠርም፤ ወይ ተፈጽሟል ወይ አልተፈጸመም።

## ለከባዱ፦ የጉዳይ ማኅደር

ከባድ ጥፋት በፎርም አይመዘገብም። ራሱን የቻለ፣ ቁጥር የተሰጠው፣ ከሠራተኛው የግል ማኅደር ተለይቶ የሚቀመጥ የጉዳይ ማኅደር ይከፈትለታል። ወደ ግል ማኅደሩ የሚገባው የመጨረሻው ውሳኔ ብቻ ነው፤ ሰውየው ነጻ ከተባለ ምንም አይገባም።

የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ወሳኝ ናቸው። የካሜራውን ቅጂ አስቀምጡ፤ ብዙ መቅጃዎች በሳምንታት ውስጥ በአሮጌው ላይ ይቀርጻሉ። የበር መግቢያ መዝገብ፣ የስቶክ ቆጠራ፣ የመውጫ ወረቀት፣ ኢሜይል ካለ ሳይነካ ይያዝ። ሠራተኛው ከሥራ ቦታው እንዲርቅ ካስፈለገ እገዳው ደመወዙን ሳይነካ ይሁን፤ ደብዳቤውም እገዳው ቅጣት አለመሆኑን ይግለጽ። ከዚያ የምስክሮች ቃል ይወሰዳል፤ ለየብቻ፣ በራሳቸው አነጋገር፣ ያዩትና የሰሙት ተለይቶ። ሦስት ምስክሮች ቃል በቃል አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ከጻፉ፣ ያነበበው ሰው የሚጠረጥረው ምስክሮቹን ሳይሆን ያስጻፋቸውን ነው።

ቀጥሎ ክሱ ለሠራተኛው በጽሑፍ ይደርሰዋል፤ ማስረጃው ተያይዞ፣ ለመዘጋጀት የሚበቃ ቀን ተሰጥቶት። ሲሰማ አብሮት ሰው ይዞ መቅረብ ይችል ዘንድ ይነገረው፤ ምክረ ሐሳብ ቁጥር 166 ይህንንም ይላል። የተባለው ሁሉ በቃለ ጉባኤ ይያዛል። ያጣራው ሰውና የሚወስነው ሰው ይለያዩ። ውሳኔው ደግሞ ምክንያቱን ይዞ ይጻፍ፤ የሠራተኛው መከራከሪያ ለምን እንዳልተቀበላችሁት ጭምር።

ማኅደሩ መሙላቱን የምፈትሽበት መንገድ አለኝ። አሜሪካዊው የሥራ ክርክር ገላጋይ ካሮል ዳውኸርቲ እ.ኤ.አ. በ1966 በሰጠው ውሳኔ ሰባት ጥያቄዎችን ዘርዝሯል፤ ዛሬም በብዙ ቦታ ይሠራባቸዋል። በእኔ አነጋገር እነዚህ ናቸው፦ ሠራተኛው ድርጊቱ እንደሚያስቀጣ ያውቅ ነበር? ደንቡ ራሱ ከሥራው ጋር የተያያዘና ምክንያታዊ ነው? ከመቅጣት በፊት ተጣርቷል? ማጣራቱ ሚዛናዊ ነበር? በቂ ማስረጃ ተገኝቷል? ሌሎችም ሲያጠፉ እንዲሁ ተቀጥተዋል? ቅጣቱ ከጥፋቱና ከሰውየው የአገልግሎት ታሪክ ጋር ይመጣጠናል? እያንዳንዱን መልስ በጣታችሁ ማኅደሩ ውስጥ ካለ ገጽ ላይ ማመልከት ካልቻላችሁ ማኅደሩ አልሞላም። በመግቢያው ላይ ያነሳሁት የመጋዘን ሠራተኛ ፋይል ከሰባቱ አንዱን ብቻ ነበር የሚመልሰው፤ የመጀመሪያውን፣ ያውም የተፈረመ ደንብ ስለነበር።

ማስረጃው ምን ያህል ይበቃል ለሚለው፣ የእንግሊዝ የሥራ ክርክር ይግባኝ ሰሚ ችሎት እ.ኤ.አ. በ1978 ያስቀመጠው መለኪያ ይጠቅማል። አሠሪው ጥፋቱ መፈጸሙን በቅን ልቦና ማመን አለበት፣ ለማመኑም ምክንያታዊ መነሻ ያስፈልገዋል፣ እዚያም የደረሰው ምክንያታዊ ማጣራት አድርጎ መሆን አለበት። የወንጀል ችሎት የሚጠይቀውን ያህል አይጠየቅም ማለት ነው፤ ግን «ሁሉም ያውቀዋል» አይበቃም።

ጉዳዩ ትንኮሳ ወይም ጥቃት ከሆነ የመዝገቡ ጥበቃ ሌላ ደረጃ ይይዛል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 190 አቤቱታ ያቀረቡና የመሰከሩ ሰዎች ከበቀል እንዲጠበቁ፣ የሚመለከታቸው ሰዎች ምሥጢርም በተቻለ መጠን እንዲጠበቅ ይጠይቃል። በተግባር ሲታይ፣ የአቤቱታ አቅራቢዋን ስም የሚያውቁት ሰዎች ቁጥር በእጅ ጣት የሚቆጠር ይሁን፣ ማኅደሩን የከፈተ ሁሉ ደግሞ ስሙንና ሰዓቱን ይፈርም።

## ወረቀት፣ ኤክሴል፣ ሶፍትዌር?

ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ይህን ነው፤ መጨረሻ መሆን ሲገባው። ወረቀት ፊርማ ላይ ጥሩ ነው፣ መቁጠር ላይ ደካማ ነው። ኤክሴል መቁጠር ላይ ጥሩ ነው፤ ማን መቼ ምን እንደለወጠ ግን ብዙውን ጊዜ አያስታውስም፣ በኢሜይልም አንዴ ከወጣ አይመለስም። ኤክሴል ከያዛችሁ የሠራተኛ መለያ ቁጥር፣ ቀን፣ የጥፋቱ ኮድ፣ የደብዳቤ ቁጥርና የሚሻርበት ቀን ብቻ ያስገቡበት፤ ታሪኩን አትጻፉበት።

ሶፍትዌር የምትገዙ ከሆነ ሻጩ ስለሚያሳያችሁ ግራፍ አትጨነቁ። አራት ነገር ጠይቁት፦ የተለወጠ ጽሑፍ የቀድሞው ይታያል? የፈረቃ ኃላፊው የራሱን ሰዎች ብቻ እንዲያይ ማድረግ ይቻላል? የተሻረ ማስጠንቀቂያ በራሱ ይጠፋል? ውሉ ሲያልቅ መረጃችንን ይዘን መውጣት እንችላለን? ሦስተኛው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለውን የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ የመሰሉ ሕጎች የሰው መረጃ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይቀመጥ ያዝዛሉ፣ ሠራተኛውም ስለ እሱ የተያዘውን የመጠየቅ መብት አለው።

## ሁሉም በአንድ ላይ

| ዘዴ | ለቀላል ጥፋት | ለከባድ ጥፋት | ሠራተኛው ያውቃል? | ዕድሜ | በክርክር ጊዜ | ድካሙ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| የአለቃ ደብተር | ለትውስታ ብቻ | እንደ ደጋፊ ብቻ | አያውቅም | 1 ሳምንት | ደካማ | በጣም ትንሽ |
| የተፈረመ ምክር | ከሁሉም የተሻለ | አይሆንም | ያውቃል፣ ይመልሳል | 3–6 ወር | መካከለኛ | ትንሽ |
| የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ | ሲደጋገም | ጉዳዩ ተጣርቶ ስንብት ካልተወሰነ | ያውቃል | 6–12 ወር | ጠንካራ | መካከለኛ |
| ነጥብ | ለሰዓትና ለመቅረት ብቻ | ፈጽሞ አይሆንም | ደንቡ ከተነገረው | ነጥቡ በደንቡ መሠረት እየተቀነሰ | ፈቃዶች ከተለዩ መካከለኛ | ከተተከለ በኋላ ትንሽ |
| የጉዳይ ማኅደር | ይበዛበታል | ግዴታ | ያውቃል፣ ይሰማል | ሕጉና የይግባኝ ጊዜው እንደሚፈቅደው | በጣም ጠንካራ | ከፍተኛ |

## ለማን የትኛው?

ከአሥር ሰው በታች ለሆነ ድርጅት፦ ግማሽ ገጽ የምክር ማስታወሻና አንድ የሚቆለፍ መሳቢያ ይበቃችኋል። ሶፍትዌር አትግዙ። ከባድ ጥፋት ሲገጥም ግን አጣሪውም ወሳኙም ባለቤቱ ስለሚሆን፣ ቢያንስ የማጣራቱን ሥራ ከውጭ ለሚመጣ ሰው ስጡ፤ የሒሳብ ባለሙያችሁ ወይም ጠበቃችሁ ሊሆን ይችላል። በዓመት አንዴ ለሚያስፈልግ ነገር ወጪው አይበዛም።

ፈረቃ ላለው መጋዘን ወይም ፋብሪካ፦ ለሰዓት ነጥብ፣ ለቀረው ቀላል ጥፋት የተፈረመ ምክር፣ ለከባዱ የጉዳይ ማኅደር። ሦስቱ አይደባለቁ። የፈረቃ ኃላፊዎች ከባድ ጥፋት ሲያዩ ሥራቸው ሁለት ብቻ እንደሆነ አሠልጥኗቸው፦ ማስረጃውን መጠበቅና በዚያው ቀን ማሳወቅ። ምርመራ አይጀምሩ፣ ሰው ፊት አይውቀሱ።

ብዙ ቅርንጫፍ ላለው፦ ችግራችሁ ወጥነት ነው። አንዱ ቅርንጫፍ በምክር የሚያልፈውን ሌላው በደብዳቤ ይቀጣል። ለእናንተ ሶፍትዌሩ ያዋጣል፤ ከእሱ በፊት ግን የጥፋት ኮዶቹን አንድ አድርጉ።

ከቤት ሆነው ለሚሠሩ ሠራተኞች፦ ደብተሩም ነጥቡም አይሠራም። ምክሩን በቪዲዮ ተነጋግራችሁ ማስታወሻውን በኢሜይል ላኩ፣ መልሱን ጠይቁ። ሰውን ሳይነግሩ ስክሪኑን መቅዳት በብዙ አገር ራሱ የሚያስጠይቅ ጥፋት ነው።

የሠራተኛ ማኅበር ባለበት፦ ይህን ሁሉ ከማንበባችሁ በፊት የኅብረት ስምምነቱን ክፈቱ። ደረጃዎቹም ቀኖቹም እዚያ ተጽፈው ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ያነሰ ሥርዓት መትከል አትችሉም።

ፈርም ለተባለ ሠራተኛ፦ ሳታነብ አትፈርም። ካልተስማማህ «ደርሶኛል፣ በይዘቱ አልስማማም» ብለህ ፈርም፤ አለመስማማትህን ጽፈህ ከፈረምክ፣ ጨርሶ ካልፈረምክ የበለጠ ይጠቅምሃል። መልስህን በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ጻፍ፤ ቅጂ ጠይቅ፤ የሚሻርበትን ቀን ቀን መቁጠሪያህ ላይ መዝግብ። ቀኑ ሲደርስ ሄደህ «ወጥቷል ወይ?» ብለህ ጠይቅ። በራሱ የሚያወጣው ሰው እምብዛም የለም።